ቻይናውያን ተማሪዎችና የእንግሊዝኛ ግሥ መድረሻ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)



«ዊ ሪፔር ዘ ክራክ አት ፒየር ፎር» የሚል ዐረፍተ ነገር በአንድ ዕለታዊ የሥራ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ቢገኝ አንባቢው ምን ይረዳል? ነገሩ በአራተኛው የድልድይ ምሰሶ ላይ ስለ ታየ ስንጥቅና ስለ ጥገናው መሆኑ ግልጽ ነው። ጠጋኙም ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ያልታወቀው ጊዜው ነው። ስንጥቁ ተጠግኗልን? በመጠገን ላይ ነውን? ወይስ ገና ወደፊት ሊጠገን ነው? በ«ሪፔር» ጫፍ ላይ አንዲት «ድ» ብትጨመር ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣም ነበር። ይህች መድረሻ በአፍ ስትነገር ከዐይን ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ የምትፈጅ፣ በጽሑፍም ከሁለት ፊደል የማትበልጥ ናት፤ ሆኖም በምሰሶው ላይ ተጨማሪ ጭነት ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለው ውሳኔ በእርሷ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል።

ዐረፍተ ነገሩ ለምሳሌ የተዘጋጀ እንጂ ከማንም መዝገብ የተቀዳ አይደለም። ነገር ግን ከቻይናውያን ባለሙያዎች ጋር የሠራ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ የዚህን ዐረፍተ ነገር ዘመዶች በየደብዳቤውና በየቃለ ጉባኤው ሳያገኝ የቀረ አይመስልም። የተከዜ ግድብ በ2009፣ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2015፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር በ2016 ሲመረቁ (በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከብረቱና ከሲሚንቶው ኋላ እጅግ ብዙ ወረቀት ነበረ። ወረቀቱን የተጻጻፉበት ቋንቋ ደግሞ የአንዳቸውም አልነበረም። አንደኛው ወገን በጎንደር ወይም በጅማ፣ ሁለተኛውም በቼንግዱ ወይም በዉሃን ከመምህር አፍ የለቀመው እንግሊዝኛ ነበር የጋራ መገናኛቸው። እንግዲህ ሁለት ሰዎች በሦስተኛ ሰው ቤት ተገናኝተው ሲነጋገሩ፣ የቤቱን ሥርዓት አንዳቸው ሲያጓድሉ ሌላው መታዘቡ አይቀርም።

የትዝብቱ ፍርድ ብዙ ጊዜ ችኩል ነው። «እንግሊዝኛ አያውቅም» ይባላል፤ ከዚህም የከፋው «ሆን ብሎ አድበስብሶታል» ይባላል። «ፊኒሽ» የሚለውን ቃል ያለ መድረሻ የሰማ ተቆጣጣሪ «ጨርሰናል» ብሎ ተረድቶ ወደ ሥራው ቦታ ሲወርድ፣ ጉድጓዱን አፉን ከፍቶ ቢያገኘው የተዋሸ ይመስለዋል። ተናጋሪው ግን «እንጨርሳለን» ማለቱ ነበር። በእንደዚህ ያለ አጋጣሚ የሚጠፋው ጊዜና ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ አንድ ጊዜ በሐሰት የተጠረጠረ ባልደረባ የሚያቀርበው የሙከራ ውጤት ሁሉ በጥርጣሬ ዐይን ይታያል። ስለዚህ መድረሻዋ የምትቀረው ለምን እንደ ሆነ ማወቅ የቋንቋ መምህራን ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም።

በመጀመሪያ ደንቡን አያውቁትም የሚለው ሐሳብ እምብዛም አያስኬድም። በቻይና ከ2001 ጀምሮ በወጣው መመሪያ መሠረት እንግሊዝኛ ከአንደኛ ደረጃ ሦስተኛ ክፍል አንሥቶ ይሰጣል። ለከፍተኛ ትምህርት መግቢያ በሚደረገው ብሔራዊ ፈተና፣ በአብዛኞቹ ክፍላተ ሀገር ከ750 ነጥብ 150ው ለእንግሊዝኛ የተመደበ ነው። በፈተናውም ዘወትር ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ፣ ግሡን በጥሬው አስቀምጦ በተገቢው መድረሻ እንዲጻፍ የሚያዝዝ ነው። በዚህ ወንፊት ተነፍቶ የምሕንድስና ትምህርት ቤት የገባ ወጣት «ትናንት» ከተባለ «ኢድ» እንደሚጨመር፣ «እርሱ» ከተባለም «ኤስ» እንደሚጨመር በእንቅልፍ ልቡም ይናገራል። ሆኖም ይኸው ወጣት ከፈተናው አዳራሽ ወጥቶ አፉን ሲከፍት «የስተርደይ ሂ ኮል ሚ» ይላል። የሚያውቀውን የማያደርገው ለምን እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

መልሱ በከፊል በገዛ ቋንቋው ውስጥ ይገኛል። በቻይንኛ ግሥ አይረባም። መሄድ «ቹ» ነው፤ እኔም ብሄድ «ዎ ቹ»፣ አንተም ብትሄድ «ኒ ቹ»፣ እርሱም ቢሄድ «ታ ቹ» ነው። ትናንትም ሆነ ነገ ቃሉ ያው ነው። የጽሕፈቱም ምልክት አንድ ነው፤ ሄያጁ ቢበዛም ቢያንስም፣ ዘመኑ ቢያልፍም ባያልፍም አንዲት ጭረት አትጨመርበትም፣ አትቀነስበትም። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት ከባድ ነው። በአማርኛ «ሰበረችው» የሚለው አንድ ቃል ሰባሪዋን፣ የተሰበረውንና ጊዜውን በአንድ አንቀልባ አዝሎ ይሄዳል። ግሥ ባዶውን ሊወጣ ይችላል የሚለው ሐሳብ ራሱ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነው።

ታዲያ ቻይናውያን ጊዜን እንዴት ይለያሉ ቢባል፣ ጊዜውን የሚነግረው ሌላ ቃል ነው። «ትናንት»፣ «ነገ»፣ «ባለፈው ዓመት»፣ «ቀድሞ» የሚሉት ቃላት ከዐረፍተ ነገሩ ፊት ይቀመጡና ሥራው ይፈጸማል፤ ጊዜው ከዚህ በፊት በተነገረው ነገር የታወቀ ከሆነም እነርሱም ይቀራሉ። አማርኛም ቢሆን በአንድ ቦታ ይህንኑ ያደርጋል። «ይጠግናል» ማለት የዘወትር ሥራው መጠገን ነው ማለት ይሆናል፤ ነገ ይጠግናል ማለትም ይሆናል። እንግሊዝኛ ሁለቱን ሲለይ አማርኛ አይለያቸውም፤ ሆኖም በዚህ የተቸገረ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ «ነገ» የሚለው ቃል ይበቃዋልና። ቻይንኛ ይህንኑ ለጊዜ ሁሉ አደረገው ማለት ነው።

ከግሥ በኋላ የሚቀመጡ ሦስት ትንንሽ ቃላት ግን አሉ፤ «ለ»፣ «ጉዎ» እና «ጀ» ይባላሉ። ብዙ ውዥንብር የሚመጣው ከመጀመሪያዪቱ ነው። ጀማሪ ተማሪ «ለ» ማለት «ኢድ» ማለት ነው ብሎ ቢይዝ አይፈረድበትም፤ ላይ ላዩን ሲታይ ይመስላልና። በመሠረቱ ግን «ለ» የምትናገረው ድርጊቱ መፈጸሙን እንጂ መቼ እንደ ተፈጸመ አይደለም። «ነገ ምሳ በልቼ እሄዳለሁ» በሚለው የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «በልቼ» የሚለው ቃል ያለበትን ቦታ ቻይናዊው «መብላት» በሚለው ግሡና በ«ለ» ይሞላዋል። መብላቱ ነገ ነው፤ ግን ከመሄዱ በፊት ተፈጽሞ ያልቃል። አማርኛ ተናጋሪ «በልቼ»ን «ኃላፊ ጊዜ ነው» እንደማይል ሁሉ «ለ»ም ኃላፊ ጊዜ አይደለችም።

በተቃራኒውም ነገሩ ያለፈ ሆኖ «ለ» የማትገባበት ብዙ ቦታ አለ። «ትናንት ሥራ በዝቶበት ነበር»፣ «ቀድሞ በሻንሃይ ይኖር ነበር» የሚሉትን ቻይናዊው ሲናገር፣ ተፈጽሞ ያለቀ ድርጊት የለባቸውምና «ለ»ን አይጠራትም። እንግሊዝኛ ግን ያለፈ ሁሉ ያለፈ ነው ብሎ በሁለቱም ላይ የኃላፊ ጊዜ ምልክት ይጠይቃል። እንግዲህ «ለ»ን ተከትሎ «ኢድ»ን የሚያስቀምጥ ተማሪ «ደረሰ»፣ «ተሰበረ»፣ «ጨረሰ» በሚሉት ላይ ይሳካለትና «ይኖር ነበር»፣ «ያውቅ ነበር»፣ «ይፈልግ ነበር» በሚሉት ላይ ይሰናከላል። ይህ መሰናከል የቻይናውያን ብቻ አለመሆኑን መጨመር ተገቢ ነው፤ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ተማሪዎችም የኃላፊ ጊዜን ምልክት አስቀድመው በቅጽበት በሚፈጸሙ ድርጊቶች ላይ እንደሚያደርጉ ተመራማሪዎች ደጋግመው አይተዋል። ቻይንኛ ዝንባሌውን አጠነከረው እንጂ አልፈጠረውም።

ስለ «ለ» አንድ ነገር ሳይነሣ ቢታለፍ ያስቆጫል። በቻይና ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ሲጠራ «ላይ ለ!» ብሎ ይመልሳል፤ «መምጣት» የሚለው ግሥና «ለ» ናቸው። ሰውየው ገና አልመጣም፤ ምናልባትም ሳሕን በእጁ ይዞ ከማዕድ ቤት ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ ምግብ ቤት የሚጠራውስ ምን ይላል? «መጣሁ!» ይላል። በኃላፊ ጊዜ ግሥ ገና ያልሆነውን ነገር ይናገራል። ሰማይ ሲጠቁር «ዝናብ መጣ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ቻይናዊውም የመጀመሪያዪቱ ጠብታ ስታርፍበት «ሽያ ዩ ለ» ይላል። ስለዚህ ከአስተናጋጁ ቃል በላይ የሰዋስው መጽሐፍ ማስረጃ ለማይፈልግ ሰው፣ የግሥ ቅርጽና የሰዓት መቁጠሪያ ሁልጊዜ አንድ ላይ እንደማይሄዱ ለማወቅ ይህ ይበቃል።

ሁለተኛው እንቅፋት ያለው በጆሮና በአፍ ላይ ነው። በዋናው የቻይና ቋንቋ፣ ማለትም በማንዳሪን፣ እያንዳንዱ ቀለም (በአንድ ጊዜ የሚወጣው የድምፅ ክፍል) የሚያልቀው በአናባቢ፣ ወይም በ«ን»፣ ወይም ከአፍንጫ በሚወጣው «ንግ» ነው፤ በቤጂንግ አካባቢ የሚሰማው «ር» ሲታከል ከዚህ ሌላ የለም። በ«ት»፣ በ«ድ»፣ በ«ስ» የሚያልቅ ቀለም የለም፤ ሁለት ተነባቢ ተከታትሎ የሚያልቅማ ከቶ አይታሰብም። (ካንቶንኛ በ«ፕ»፣ በ«ት»፣ በ«ክ» የሚያልቁ ቀለሞች አሉት፤ ግን ድምፁ አፍ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል።) አማርኛ ተናጋሪ «ክንድ»፣ «ልብስ»፣ «ብርድ» እያለ ስላደገ በቃል መጨረሻ ሁለት ተነባቢ ቢደረደርለት ግድ የለውም። ለማንዳሪን ተናጋሪ ግን የእንግሊዝኛው «ዎክት» በሁለት ተነባቢ ሲያልቅ፣ «አስክት» በሦስት ሲያልቅ፣ ደረጃ በሌለው ቤት ውስጥ ከፎቅ እንደ መውረድ ነው።

በዚያ ላይ መድረሻዪቱ በጽሑፍ አንድ ሆና በአፍ ሦስት ናት፤ ከ«ክ» በኋላ «ት»፣ ከ«ር» ወይም ከ«ን» በኋላ «ድ»፣ ከ«ት» ወይም ከ«ድ» በኋላ ደግሞ «ዎንቲድ» እንደሚለው የራሷን አናባቢ ይዛ ትመጣለች። እንግሊዛውያንና አሜሪካውያን ራሳቸውም ፈጠን ብለው ሲናገሩ በተነባቢዎች መካከል የገባችውን «ት» ይውጧታል። ስለዚህ ተማሪው በመጽሐፍ ያያትን መድረሻ በጆሮው ብዙ ጊዜ አያገኛትም፤ ያላገኛትን ደግሞ የለችም ቢል ሐሰት አልተናገረም። «ኢንግ» የምትባለው መድረሻ ግን ሙሉ ቀለም ናት፤ የምታልቀውም ቻይናዊው በሚያውቀው ድምፅ ነው። እርሷን ቶሎ ይይዛታል። ችግሩ ከፊቷ መምጣት የሚገባውን ረዳት ግሥ ጥሎ «ሂ ወርኪንግ» ማለቱ ነው።

ተመራማሪዎች በጉዳዩ ላይ የደረሱበት ቀጥ ባለ መንገድ አይደለም። ሮጀር ብራውን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ የሦስት ሕፃናትን አፍ መፍታት ተከታትሎ፣ 14 የእንግሊዝኛ ሰዋስው ምልክቶች የሚመጡበትን ተራ አስቀመጠ። «ኢንግ» ቀዳሚ ስትሆን «ኢድ» ዘጠነኛ፣ የሦስተኛው ሰው «ኤስ» ደግሞ ዐሥረኛ ሆኑ። እንደ «ዌንት» ያሉት ከደንብ ውጭ የሚለወጡት ግሦች ከ«ኢድ» ቀድመው መጡ። ይህ እንግሊዝኛን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡ ልጆች ተራ መሆኑ ልብ ይሏል። በተከታዩ ዓመት ሃይዲ ዱሌይና ማሪና በርት ከ6 እስከ 8 ዓመት የሆናቸውን 60 ስፓኝኛ ተናጋሪና 55 ቻይንኛ ተናጋሪ ሕፃናት በኒውዮርክ አካባቢ መርምረው፣ 11 ምልክቶችን በተመለከተ የሁለቱ ወገኖች ተራ እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። ስፓኝኛ ግሡን እንደ አማርኛ በብዙ የሚያረባ፣ ቻይንኛ ከቶ የማያረባ ሆነው ሳለ ተራው ከተመሳሰለ፣ የእናት ቋንቋ ለዚህ ነገር ፋይዳ የለውም የሚል መደምደሚያ ተሰጠ፤ ለብዙ ዓመታትም በየመማሪያው ተደገመ።

መሐንዲስ ይህን ሲሰማ አንድ ጥያቄ ማንሣት አለበት። ሁለት ረድፍ ምሰሶዎች ከረጅም እስከ አጭር በአንድ ዓይነት ተራ ቢቆሙ፣ ቁመታቸው እኩል ነው ማለት ነውን? ተራ ልዩነትን አይለካም። የአንደኛው ረድፍ አጭር ምሰሶ ከረጅሙ በአንድ ክንድ ሲያንስ፣ የሌላው በአንድ ጋት ብቻ ያንስ ይሆናል። በ2009 ዞዪ ፔይ-ሱዪ ሉክና ያሱሂሮ ሺራይ የቀደሙትን ጥናቶች እንደገና ሰብስበው ሲያዩ፣ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ ተናጋሪዎች በገዛ ቋንቋቸው ውስጥ አቻ የሌላቸውን ምልክቶች ከተባለው ተራ ዘግይተው፣ አቻ ያላቸውንም ቀድመው እንደሚይዙ አሳዩ። የእናት ቋንቋ ከበሩ ውጭ ተጥሎ ቆይቶ በመስኮት ተመለሰ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ዶና ላርዲየር የተባሉት አሜሪካዊት የቋንቋ ምሁር በ1998 ባወጡት ጽሑፍና በ2007 ባሳተሙት መጽሐፍ «ፓቲ» በሚል የብዕር ስም የጠሯት ይህች ሴት ቻይንኛ ተናጋሪ ስትሆን፣ አሜሪካ የገባችው ለአካለ መጠን ከደረሰች በኋላ ነው። ንግግሯ መጀመሪያ ሲቀዳ በዚያ አገር ዐሥር ዓመት ያህል ኖራለች፤ ከስምንት ዓመት ተኩል በኋላ እንደገና ተቀዳ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ኑሮዋም ሥራዋም በእንግሊዝኛ ሆኗል። የኃላፊ ጊዜ ምልክት በሚያስፈልግባቸው ቦታዎች ግን ምልክቱን ያደረገችው በመጀመሪያውም በኋለኛውም ቅጂ ከመቶ 34 ያህሉን ብቻ ነበር። የሦስተኛው ሰው «ኤስ»ማ ከመቶ አምስት እንኳ አልሞላላትም። ታዲያ ይህች ሴት ሰዋስው አልገባትም ይባል ይሆን? አይባልም፤ «ሂ» የሚባልበትን ቦታና «ሂም» የሚባልበትን ቦታ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳሳተችም። በጽሑፍ በምትልካቸው መልእክቶችም የኃላፊ ጊዜ ምልክቷ ከንግግሯ በብዙ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ዕውቀቱ ውስጥ አለ፤ ወደ ምላስ የሚያወርደው መንገድ ነው የተቆረጠው።

መንገዱ የት ላይ እንደ ተቆረጠ ምሁራኑ አልተስማሙም። ሄዘር ጎድ፣ ሊዲያ ኋይትና ጄፍሪ ስቲል በ2003 እንዳሉት፣ ማንዳሪን እንዲህ ያለውን መድረሻ ከቃል ጋር የሚያያይዝበት የድምፅ አወቃቀር ስለሌለው ተናጋሪው የሚያውቀውን መድረሻ የሚያሳርፍበት ቦታ ያጣል። በዚያው ዓመት ሮጀር ሆኪንስና ሣራ ሊስካ ነገሩን በብልሃት ፈተኑት። በእንግሊዝኛ ጭጋግ «ሚስት» ይባላል (ከአማርኛዋ ሚስት ጋር መመሳሰሉ ያጋጣሚ ነገር ነው)፤ «አመለጠው» ለማለትም የሚነገረው ያው «ሚስት» ነው። ድምፃቸው አንድ፤ ልዩነታቸው በሁለተኛው ላይ ያለችው «ት» መድረሻ መሆኗ ብቻ። ችግሩ የአፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ት» ከሁለቱም ዓይነት ቃላት እኩል በወደቀች ነበር። ቻይናውያኑ ግን ከመድረሻነቷ ይልቅ የቃሉ ገላ በሆነችበት ቦታ የተሻለ አወጧት። የተፈተኑት ቻይናውያን ሁለት ብቻ ስለ ነበሩ በዚህ ላይ ትልቅ ሕንፃ መገንባት አይቻልም፤ ሆኖም ሁሉን ነገር በምላስ ማሳበብ እንደማያዋጣ ይጠቁማል። ሮበርት ቤይሊም በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ቻይናውያንን አጥንቶ በ1994 እንዳስረዳው፣ የግሡ የአሁንና የኃላፊ ቅርጽ በድምፅ እጅግ በተራራቁ መጠን ምልክቱ ይበልጥ አይቀርም። «ጎ» ወደ «ዌንት» ሲለወጥ ለጆሮ ገሃድ ነው፤ «ሪፔር» ወደ «ሪፔርድ» ሲለወጥ ግን ማን ይሰማዋል?

ለሥራ መዝገብ ከሁሉ የሚያሳስበው የናን ጂያንግ ጥናት ይመስላል። በ2004 በታተመው በዚህ ጥናት፣ ዐረፍተ ነገሮች ቃል በቃል እየተገለጡ ሲነበቡ ንባቡ የፈጀው ጊዜ ተለካ። የእናት ቋንቋቸው እንግሊዝኛ የሆነ አንባቢዎች የነጠላና የብዙ ቁጥር ምልክት ሲዛነፍ፣ መንኰራኵር ድንጋይ ላይ እንደ ወጣ ቆም ይላሉ። እንግሊዝኛን ጠንቅቀው የሚያውቁት ቻይናውያን ግን በዚያ ቦታ ላይ አልዘገዩም፤ በሌላ ዓይነት የሰዋስው ስሕተት ላይ ግን ዘግይተዋል። ጥናቱ የቁጥርን ምልክት እንጂ የጊዜን አልመረመረም። ነገር ግን ነገሩ ለግሥም የሚሠራ ከሆነ፣ ጸሐፊውን «የጻፍከውን ደግመህ አንብብ» ማለት ብዙ አይጠቅምም፤ ዐይኑ በባዶው ቦታ ላይ ሳያነቅፈው ያልፋልና።

የመማሪያ ክፍሉም ሳያውቅ ለዚህ ያግዛል። ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ «የስተርደይ» ወይም «አጎ» የሚል ቃል ፈልጎ፣ ያንን አይቶ «ኢድ»ን እንዲጽፍ ይለማመዳል። ጊዜን የሚነግረው «የስተርደይ» ሲሆን፣ «ኢድ» የፈታኙን ልብ ለማስደሰት የምትለጠፍ ማኅተም ሆና ትቀራለች። አሜሪካዊው ቢል ቫንፓተን የመከረው ሌላ ዘዴ ነው፤ የጊዜውን ቃል ከዐረፍተ ነገሩ አውጥቶ፣ ተማሪው ትናንት ይሁን ዘወትር ከመድረሻዋ ብቻ እንዲለይ ማድረግ። በዚህ ጊዜ መድረሻዋ ሥራ ታገኛለች፤ ሥራ ያገኘችውን ደግሞ ጆሮ መፈለግ ይጀምራል። በሥራ ስብሰባ መካከል ቻይናዊውን ባልደረባ አቋርጦ «ፊኒሽድ በል» ማለት ግን ከማሳፈር በቀር ያፈራው ፍሬ ያለ አይመስልም። ስለ ሦስተኛው ሰው «ኤስ» ደግሞ መጨነቅ ጊዜ ማባከን ነው፤ ባለቤቱ አስቀድሞ ተነግሯልና «ኤስ» ብትቀር የጠፋ ነገር የለም። ድልድይ በእርሷ ምክንያት አይወድቅም።

«ኢድ» ግን ሌላ ነገር ናት። ለዚህም መድኃኒቱን ቻይንኛ ራሱ ጊዜን ከሚያስቀምጥበት ቦታ መፈለግ ይሻላል። የሥራ ቅጽ ሲዘጋጅ «የተፈጸመበት ቀን» እና «የሚፈጸምበት ቀን» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ቢኖሩት፣ ጸሐፊው ግሡን ያለ መድረሻ ቢያሰፍረውም ቀኑ ይናገራል። ይህ ለቻይናውያን ተብሎ የሚደረግ ምጽዋት አይደለም። በእንግሊዝኛ «ከት»፣ «ፑት»፣ «ሴት»፣ «ሸት» የሚባሉት ግሦች በአሁንም በኃላፊም አንድ ናቸው፤ መቁረጥ፣ ማስቀመጥ፣ ማስተካከል፣ መዝጋት ማለት ናቸው፤ ሁሉም በግንባታ ቦታ ዘወትር የሚነገሩ ናቸው። «ዊ ከት ዘ ኬብል» ብሎ የጻፈው የለንደን ተወላጅ ቢሆንም፣ ገመዱ ተቆርጧል ወይስ ሊቆረጥ ነው የሚለውን የሚለየው ከአጠገቡ ያለው ቀን ነው።

በቃል ሲጠየቅም «ዲድ ዩ ሪፔር» ብሎ መጠየቅ አደገኛ ነው፤ «የስ» የሚለው መልስ ለምኑ እንደ ተሰጠ አይታወቅም። ቻይንኛ ለዚህ ሁለት የጠሩ ቃላት አሉት። «ዪጂንግ» ማለት ነገሩ አስቀድሞ ተፈጽሟል ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ «ኦልሬዲ» ይሉታል። «ሃይ ሜይ» ማለት ደግሞ በአማርኛ «ገና ነው» ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ «ኖት የት» ይሉታል። ቻይናዊው መሐንዲስ «ኦልሬዲ ኦር ኖት የት?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ግሡን እንዴት እንደሚያስጨርስ ሳይጨነቅ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ይመልሳል፤ ጠያቂው ሁለቱን የቻይንኛ ቃላት ቢያውቅማ ይበልጥ ይቀልለዋል። ስለ አራተኛው ምሰሶም መልሱ «ሃይ ሜይ» ከሆነ፣ ስንጥቁ ገና አልተጠገነምና የኮንክሪቱ መኪና ባለበት ይቁም።